የትኛው ጣቢያ

"ኮማንደር" ይሉኛል ሰፈሩ በሙሉ፤
"የትኛው ጣቢያ ነው የሠሩት?" ይላሉ።
ፖሊስ መስያቸው ነው።
ማዕረጉ አንድ ነው፣ ልብሱ ነው የለየው።
"ባሕር ላይ" ስላቸው ይሥቃሉ አብዝተው፤
ጅማ ተቀምጦ ባሕር የሚል ሰው
ወይ ቀልደኛ ነው፣
ወይ ትንሽ ነካ ያረገው።

አልፈርድባቸውም።
ውሃስ ሞልቶ ነበር፤ ቆርቆሮው ሌሊቱን ሲደበደብ ያድራል፣
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ይታከካል፣
ግን ጨው የለበትም።
ብቀምሰው ብቀምሰው ምንም አይለኝም።

ከዚሁ ነው የሄድኩት፣ ባሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤
"ታድግበታለህ" ብሎ ልብስ ሰፊው አባቴ
አስፍቶ የሰፋው ኮት ትከሻዬን ውጦኝ፣
ምጽዋ፣ ኮሌጁ በር፣ ሙቀት በጥፊ ተቀበለኝ።

ሃያ ስምንት ነበርን።
ስማችን እስኪጠፋን በቁጥር ተጠራን፦
እኔ አሥራ ሰባት፤ ጎኔ ያለው አልጋ አሥራ ስምንት፣ ዑመር፣
የዚያው ያገሩ ልጅ፣ በየብስ ሲሄድ እንኳ የሚቀዝፍ የሚመስል ነበር።

"ዋና የሚችል?" አሉ፤ እጄን አወጣሁ ቀድሜ።
"የት ተማርክ?"
"አዌቱ።"
ሣቁን አልነግራችሁም።
ከመርከብ መቆሚያው ገፈተሩኝ፤ ሰመጥኩ ከነቅሌ፣ ከነስሜ፤
ዑመር ነው በኮሌታዬ ጎትቶ ያወጣኝ፣
የጠጣሁትን ቀይ ባሕር እስክተፋ ጠብቆ
በጆሮዬ "አዌቱ" አለኝ።
በዚያው ቀረ ስሜ።

ሙቀቱ ሲብስ ሌሊት፣ አንሶላ በውሃ ነክረን
ጣሪያ ላይ እንወጣለን፤
ሳይነጋ ደርቆ ይጠብቀናል።
ቋጠሮ ዓይን ጨፍኖ፣ ኮከብ በየስሙ፣ ካልሲ በብድር፤
ከጅማ የተላከ ብርቱካን በጭነት መኪና አሥር ቀን ዞሮ
ሦስት ፍሬ ለሃያ ስምንት አፍ፣ በምላጭ ተመትሮ።

የቀረውን ተዉት።
ጦርነቱን ያየ ያውቀዋል፤ ላላየው አላስረዳም።
አንዱ ከነመርከቡ፣ አንዱ በጀልባ የመን፣ አንዱ እስር ቤት፣
አንዱ ናዝሬት፣ በሰው ታክሲ ሾፌርነት።
ባሕሩም በአንድ እስክሪብቶ ከካርታው ተሠረዘ፤
"ባሕር ኃይል" ከሚለው ባሕሩ ተመዘዘ።

የኮርስ ልጅ ግን አይሠረዝም።
በተመረቅንበት ቀን፣ ሐምሌ አሥራ አንድ፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣
ቁጥር ሦስት፣ ጉተማ፣ ከድሬዳዋ በስልክ ስም ይጠራል፤
በሕይወት ያለ "አለ!" ይላል።
ለሞተው ከጎኑ ያለው ቁጥር ያነሣለታል፦
"አለ!"
አንድ ዓመት ጉተማ ራሱ ለስድስት ሰው "አለ" ብሎ ሳል ያዘው።
ሣቅን።
ከዚያ ማናችንም ሳንናገር የስልክ ካርዱ አለቀ።

በሁለት ሺህ አሥር ክረምት፣ ተዘግቶ የኖረው መስመር ሲከፈት፣
የማላውቀው ቁጥር ጠራ፤ ጩኸት፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ፦
"አዌቱ! ዋና ቻልክ? ወይስ ገና ነህ?"
ሠላሳ ዓመት ሊደፍን ነው፣ ድምፁ ያው ነው፣ ጨው አለበት።
አሥራ አንድ ደቂቃ።
ያ ጣሪያ የለም አለኝ፤ በግድግዳው ርግብ ሰፍሮበት።
"መጥተህ ውሃችንን እይልኝ" አልኩት።
"ጨው ይዤልህ እመጣለሁ" አለ።
መስመሩ ተመልሶ ተዘጋ።

ዘንድሮ ሦስት ነን።
ጉተማ "አሥራ ስምንት" አለ።
ተራው የኔ ነበር።
"አለ" ብልለት፣ ቀበርኩት ማለት ነው፤
ዝም ብል፣ ረሳሁት።
ጉተማ ጠበቀኝ፤ ሲተነፍስ ሰማሁት፣
ከዚያ "አሥራ ዘጠኝ" ብሎ አለፈ።

በማግሥቱ ጃንጥላ ይዤ ድልድዩ ላይ ቆምኩ።
አዌቱ ቦዬ ይገባል፣ ከዚያ ጊቤ፣ ጊቤም ኦሞ፣
ኦሞ በረሃ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ የትም ባሕር አይደርስም።
አውቃለሁ፣ ካርታ ማንበብ ነው የተማርኩት፤
ቢሆንም ወደ ውሃው ጎንበስ ብዬ
"አሥራ ስምንት!" ብዬ ጠራሁት።

"አቤት!" አለ ከኋላዬ አንድ ባጃጅ፣ ጭቃ ረጭቶ ቆመ።
"ወዴት ነው ኮማንደር?"
"ኮቺ።"
ጃንጥላዬን አጥፌ ገባሁ።
ገና ሳንነሣ ጠየቀኝ፣
ያንኑ።